የሪል እስቴት መግቢያ ኮርስ ከብዶኛል፤ የወሰዳችሁት ካላችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ሴሚስተር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የሪል እስቴት መግቢያ ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። እንግሊዝኛው ያን ያህል አላስቸገረኝም። የከበደኝ ሐሳቡ ነው። አገር ቤት ሳድግ የማውቀው መሬት የመንግሥት እንደሆነና ቤት ያለው ሰው ካርታ እንዳለው ነው፤ በቃ። እዚህ ግን በአንዱ ቤት ላይ አንዱ ባለቤት ነው፣ ሌላው እስኪሞት የመኖር መብት አለው፣ ባንኩ የራሱ መብት አለው፣ ጎረቤት ደግሞ በግቢው የማለፍ መብት አለው። መምህሩ ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ጨርሶት ሄደ።

ሚድተርም ደርሷል። ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ዲድና ታይትል ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጆይንት ቴናንሲ እና ቴናንሲ ኢን ኮመን በምሳሌ ብታስረዱኝ? ሂሳቡንስ ከየት ልጀምር? ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ፐርሰንት እንኳ ረስቻለሁ። ኮርሱን ስጨርስ ቤት የማሻሻጥ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) አገኝበት እንደሆነም ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።

ኤጀንት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ አይዞሽ። ይህ ኮርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ግራ ያጋባና ከዚያ ይገጣጠማል። የሚገጣጠመው ግን ቃላቱን በካርድ ጽፎ በመሸምደድ አይደለም። ለያንዳንዱ ቃል ሦስት ነገር ጠይቂ። መብቱ የማን ነው? እስከ መቼ? ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል? ምዕራፉ በሙሉ የነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው።

ፊ ሲምፕል ማለት ጊዜ የማይገደብበት፣ የሚሸጥ፣ የሚወረስ ሙሉ ባለቤትነት ነው። ላይፍ እስቴት በአንድ ሰው ዕድሜ የተገደበ ነው። እናትሽ ቤቱን በስምሽ አዙራ «እኔ በሕይወት እስካለሁ ግን የምኖርበት እኔ ነኝ» ብላ በዲዱ ላይ ብታስጽፍ፣ የሷ መብት ላይፍ እስቴት ነው። አንቺ ቀሪውን የምትወስጂው ነሽ፤ መጽሐፉ ሪሜይንደርማን የሚልሽ። እናትሽ መብቷን ለሌላ ሰው መሸጥ ትችላለች። ገዢው ያገኘው ግን እሷ በሕይወት እስካለች ብቻ ነው። እሷ ስታርፍ የሱም መብት ያበቃል። ይቺን ነጥብ ፈተና ላይ ይወዷታል።

ወደ ዲድና ታይትል ልምጣ። ታይትል ባለቤትነቱ ራሱ ነው። ዲድ ባለቤትነቱን ከሻጭ ወደ ገዢ የሚያሻግረው ወረቀት ነው። የሚፈርመው ሻጩ ነው፤ ገዢው መፈረም አይጠበቅበትም። አገር ቤት ካርታውን የሚሰጥሽ መንግሥት ነው። እዚህ ካውንቲው ዲዱን ተቀብሎ ይመዘግባል እንጂ «ባለቤቷ በእርግጥ እሷ ናት» ብሎ ዋስ አይሆንሽም። ስለዚህ ነው ቤት ሲገዛ የታይትል ድርጅት የኋላ ታሪኩን የሚቆፍረው፣ ገዢም ለታይትል ኢንሹራንስ የሚከፍለው። ይህ አንዴ ከገባሽ ጠቅላላ የክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበት) ምዕራፍ ለምን እንዳለ ይገባሻል።

የጋራ ባለቤትነቱ ለኛ ሰው በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። እህትና ወንድም ተባብሮ ቤት መግዛት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ዲዱ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያየው ግን ጥቂቱ ነው። ሦስት እህትማማቾች ቤት ገዙ እንበል። ቴናንሲ ኢን ኮመን ከሆነ እያንዳንዷ የራሷ ድርሻ አላት። ድርሻው እኩል መሆን የለበትም፤ አንዷ ግማሽ፣ ሁለቱ ሩብ ሩብ ሊይዙ ይችላሉ። አንዷ ብትሞት ድርሻዋ ለወራሾቿ ይሄዳል፤ ለልጇ፣ ለባሏ ወይም በኑዛዜ ለተናዘዘችለት። ጆይንት ቴናንሲ ከሆነ ግን ድርሻው እኩል ነው፤ የሟቿ ድርሻ በቀጥታ ለሁለቱ በሕይወት ላሉት ያልፋል። ኑዛዜ ብትጽፍ እንኳ አያግድም። ልጆቿ ከዚያ ቤት ምንም አያገኙም።

አሁን ወጥመዱን ልንገርሽ። በጆይንት ቴናንሲ ከያዙት ሦስቱ መካከለኛዋ ድርሻዋን ለውጭ ሰው ሸጠች። ገዢው ሲሶውን ይይዛል፣ ከሌሎቹ ጋር ግን በቴናንሲ ኢን ኮመን ነው። ታላቅና ታናሽ እርስ በርሳቸው አሁንም ጆይንት ቴናንት ናቸው። ይህን በወረቀት ላይ ሥዕል አድርገሽ ሥሪው።

ለባልና ሚስት ደግሞ ቴናንሲ ባይ ዘ ኢንታይረቲ የሚባል አለ። በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም ይሠራል። አንዱ ያለ ሌላው ፊርማ ቤቱን መሸጥ አይችልም።

የሞርጌጅ ቢሮ ሠራተኛ (ላውረል፣ ሜሪላንድ)

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ሂሳቡን ልያዝ። ኮርሱ ላይ ያለው ሂሳብ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ከየት እንደሚያነሳ ሳይለይ ካልኩሌተር ስለሚያነሳ ነው።

ቤቱ 400,000 ዶላር ነው፣ ባንኩ 80 በመቶ ያበድራል። ብድሩ 320,000 ነው። ፖይንት የሚባል፣ ባንኩ ሲያበድር የሚያስከፍለው ነገር ከመጣ፣ አንድ ፖይንት ከብድሩ 1 በመቶ ነው፤ ከቤቱ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ 3,200 እንጂ 4,000 አይደለም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነጥብ ይጥላል።

ወለዱ በዓመት 6 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት ቢሆን የወሩ ክፍያ 1,918.56 ይመጣል። የመጀመሪያውን ወር እንተንትነው። 320,000 በ6 በመቶ 19,200 ነው፤ ለ12 ሲካፈል 1,600። ያ ሁሉ ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 318.56 ብቻ ነው። የሚቀርሽ ዕዳ 319,681.44። በሁለተኛው ወር ወለዱ በዚህ ላይ ይሰላል፤ 1,598.41 ይሆንና 320.15 ከዋናው ይቀንሳል። እስከ አራተኛው ወር ድረስ በእጅሽ ሥሪው። አሞርታይዜሽን የሚባለው በሙሉ ይኸው ነው። ደንበኞች «ለዓመታት ከፍዬ ዕዳዬ ለምን አልቀነሰም?» ብለው ቢሮ ሲመጡ የምናሳያቸውም ይህንኑ ሠንጠረዥ ነው።

የኢንቬስትመንት ምዕራፍ ስትደርሺ ካፕ ሬት ይመጣል፤ የዓመቱ የተጣራ ገቢ ከቤቱ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ማለት ነው። ሁለት አፓርትማ ያለው ቤት ነው፣ እያንዳንዱ በወር 1,500 ይከራያል። በዓመት 36,000። ባዶ ለሚቆይበት 5 በመቶ ቀንሺ፣ 34,200 ይቀራል። ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና 10,200 ከሆነ የተጣራው ገቢ 24,000 ነው። አካባቢው ላይ ካፕ ሬቱ 6 በመቶ ከሆነ 24,000 ለ0.06 ሲካፈል ዋጋው 400,000 ይመጣል። ካፕ ሬቱ 8 በመቶ ቢሆን ያው ቤት 300,000 ነው። ሬቱ ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል። ልብ በይ፣ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያ ከወጪዎቹ ውስጥ አይገባም። ጥያቄው ውስጥ ሆን ብለው ይጨምሩታል፤ እለፊው።

የታክስ ክፍፍሉ ቀላል ነው። በሜሪላንድ የንብረት ታክስ ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። ሻጩ የዓመቱን 3,600 ሙሉ ከፍሎ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቢሸጥ፣ የሦስት ወሩ 900 የራሱ ነው፤ ገዢው 2,700 ይመልስለታል። ፈተናው ላይ ወሩ 30 ቀን ተብሎ ይሁን በትክክለኛው ቀን፣ የክሎዚንጉ ቀንስ የማን እንደሆነ አስቀድመሽ አንብቢ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የእህትማማቾቹ ምሳሌ ወዲያው ገባኝ። ግን የኛ መጽሐፍ ስለ ሊዝ ሲያወራ ከባለቤትነት ያነሰ ነገር አድርጎ ነው። አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው ታዲያ ምን ሊባል ነው?

የሕግ ምሩቅ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በላዩ ላይ የገነባሽው ቤት ግን የግል ንብረትሽ ነው፤ ትሸጪዋለሽ፣ ታወርሺዋለሽ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። እናም አሜሪካኖቹ በሚሉት አነጋገር የመሬቱ መብት ሊዝሆልድ (በሊዝ ውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)፣ ቤቱ ደግሞ የግል ባለቤትነት ነው። መሬትና ቤት በሁለት እጅ ሲያዝ አይተሽ ነው ያደግሽው። አብረውሽ የሚማሩት ብዙዎቹ ይህን አያውቁትም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የቤት ባለቤት (ባልቲሞር)

ልጄ፣ ወንድማችን 99 ዓመት ሲል ነው የገባሁት። ይህ ነገር እዚሁ አጠገብሽ አለ። ባልቲሞር ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤት ግራውንድ ሬንት አለበት። ቤቱ የኔ ነው፣ ከሥሩ ያለው መሬት የሌላ ሰው ነው፤ ውሉ የ99 ዓመት ሆኖ ለዘላለም የሚታደስ ነው። በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ዶላር ይከፈላል፣ በሁለት ጊዜ። ትንሽ ገንዘብ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት። ካልተከፈለች መዘዝ አላት። በመኖሪያ ቤት ላይ አዲስ ግራውንድ ሬንት መፍጠር ከ2007 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የነበረው ግን አለ። የስቴቱ የግምገማና የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ኤስዳት የምንለው፣ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብተሽ ታገኚዋለሽ። ነጻ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። የምትኖሪበትን ሕንፃ ወይም የዘመድ ቤት አድራሻ እዚያ አስገቢ። የባለቤቱ ስም፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የተገመተበት ዋጋ፣ ዲዱ የተመዘገበበት ቁጥር ይወጣልሻል። በዚያ ቁጥር ዲዱን ራሱን በሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ፈልጊ። ማን ለማን እንደሰጠ፣ በምን ዓይነት ባለቤትነት እንደያዙት፣ ወሰኑ እንዴት እንደተጻፈ በዓይንሽ ታያለሽ።

ኤጀንት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ ያሉት ወርቅ ነው። ወሰን ስላነሱ፦ መጽሐፉ ላይ ያለው መሬትን በካሬ እየከፈሉ የመለካት አሠራር፣ አንድ ሴክሽን 640 ኤከር የሚለው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የለም። ከ1785 በኋላ በስተምዕራብ የተሠራበት ነው። ፈተናው ግን ይጠይቃል። ከኋላ ወደ ፊት አካፍይ፤ የሩብ ሩብ ከሆነ 640 ለ4፣ እንደገና ለ4፣ 40 ኤከር።

ሌላው፣ መጽሐፍሽ አሮጌ እትም ከሆነ የኮሚሽኑን (የኤጀንት ክፍያን) ምዕራፍ በጥንቃቄ አንብቢ። የሪልተሮች ማኅበር በክስ ስምምነት ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ አሠራሩን ቀይሯል። አሁን ኤጀንት ገዢን ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ይፈራረማሉ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይህ የለውም።

ጠያቂ

አፕሬይዛል (የቤት ዋጋ ግምት) ላይ ደግሞ ጋራዥ ያለውን ቤት ከሌለው ጋር ሲያወዳድሩ መደመር ነው መቀነስ? ሁሌ ይምታታብኛል።

የሞርጌጅ ቢሮ ሠራተኛ (ላውረል፣ ሜሪላንድ)

የምትነኪው የተሸጠውን ቤት ዋጋ እንጂ የምትገምቺውን ቤት አይደለም። የተሸጠው በ480,000 ሄዷል፣ ጋራዥ አለው፤ ያንቺ የለውም። ጋራዥ 20,000 ያወጣል ከተባለ ከ480,000 ላይ ትቀንሺያለሽ፤ 460,000። የተሸጠው የሚበልጥ ከሆነ ቀንሺ፣ የሚያንስ ከሆነ ደምሪ።

ብሮከር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የላይሰንሱን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ሜሪላንድ ውስጥ ለሴልስፐርሰን (ለቤት አሻሻጭ ኤጀንት) ላይሰንስ 60 ሰዓት ዕውቅና ያለው ትምህርት ያስፈልጋል። የኮሌጅሽ ኮርስ በስቴቱ የሪል እስቴት ኮሚሽን ዘንድ ለዚያ የሚያገለግል መሆኑን መምህሩን ወይም ሬጂስትራሩን ጠይቂ፤ ክሬዲት ስላለው ብቻ ያገለግላል ማለት አይደለም። ከዚያ የስቴት ፈተና አለ፤ አንዱ ክፍል ብሔራዊ፣ ሌላው የሜሪላንድ። ብታልፊም ብቻሽን አትሠሪም፣ ኤጀንቶችን በኃላፊነት በሚመራ ብሮከር ሥር ነው።

አንድ ምዕራፍ ግን ለፈተና ብቻ አትማሪው። የፌር ሃውዚንግ ሕግን፣ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ አድልዎን የሚከለክለውን። የወጣው ኤፕሪል 11 ቀን 1968 ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ። ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖትና የትውልድ አገር መጀመሪያ ነበሩ፤ ጾታ በ1974፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ በ1988 ተጨመሩ። ዛሬ ሐበሻ በሞላባት በሲልቨር ስፕሪንግ በድሮ ዲዶች ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል ተጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት ማስፈጸም አይችልም አለ፤ ጽሑፉ ግን መዝገብ ላይ ቆየ። ዲድ ስትፈልጊ ሊያጋጥምሽ ይችላል።

ለኛ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። ደንበኛ ይደውልና «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር አሳይኝ» ይላል። ሰውዬው ክፋት የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጀራ፣ ጎረቤት ፈልጎ ነው። አንቺ ግን በትውልድ አገር ሰፈር መርጠሽ መምራት አትችይም፤ ስቲሪንግ ይባላል። «ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው? ከዚያ በስንት ደቂቃ መኪና ውስጥ ልፈልግ? በጀትህ ስንት ነው?» ብለሽ ትጠይቂዋለሽ። ሰፈሩን ራሱ ይመርጣል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአክስቴን ቤት አሁኑኑ ኤስዳት ላይ ፈለግሁት፣ ወጣ። ዲዱ ላይ ስሟና የልጇ ስም አለ፣ ከዚያ «ጆይንት ቴናንትስ» ይላል። ሁለተኛ ልጅ አላት፣ አገር ቤት ነው ያለው። እንዲህ ከሆነ እሱ አይወርስም ማለት ነው?

ኤጀንት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እሷ ቀድማ ካረፈች፣ አዎ፣ ከዚያ ቤት አይወርስም። እሷ ያሰበችው ያ ላይሆን ይችላል፤ ንገሪያት። መቀየር ከፈለገች በጤናዋ ሳለች የሜሪላንድ ጠበቃ ዘንድ ትሂድና አዲስ ዲድ ይጻፍላት። ሞርጌጅ ካለባት ከዚያ በፊት ጠበቃው ውሉን እንዲያየው ይዛ ትሂድ።