ሩሲያኛ ሳይችሉ የሩሲያን ሮማንስ መስማት

ጠያቂ፦
በመጪው ሳምንት በአንድ የሥዕል አዳራሽ በሚቀርብ የሩሲያ ክላሲካል የድምፅ ሙዚቃ ምሽት ላይ እገኛለሁ። በመርሐ ግብሩ የግሊንካ፣ የቻይኮቭስኪ፣ የሙሶርግስኪና የራክማኒኖቭ ሥራዎች ተካተዋል፤ አቅራቢዎቹም አንዲት ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ)፣ አንድ ባስ (ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ) እና አንድ ፒያኖ ተጫዋች ብቻ ናቸው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ለሙዚቃ ባልተሠራ አዳራሽ መቅረቡስ ጉዳት የለውም?

ምላሽ 1፦
ከአዳራሹ ልጀምር። ሩሲያውያን ሮማንስ የሚሉት፣ ግጥም በአንድ ድምፅና በፒያኖ የሚዜምበት የሙዚቃ ዓይነት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው በመኖሪያ ቤቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ያደገ ስለሆነ፣ አነስተኛ የሥዕል አዳራሽ ከትልቅ ቲያትር ይልቅ ይስማማዋል። የሚያሠጋው ባዶ ግድግዳና የድንጋይ ወለል ድምፁን እየመለሱ ቃላቱን ማደበላለቃቸው ነው፤ ስለዚህ ከፊት ይቀመጡ። የግጥሞቹን ትርጉም አስቀድመው ያንብቡ እንጂ ዘፈኑ ሲቀርብ ወረቀት ላይ አያቀርቅሩ። ለምሳሌ ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1825 ለአና ኬርን የጻፈውን ግጥም ግሊንካ በ1840 ሲያዜመው ሥራውን ያበረከተው ለልጇ ለየካተሪና ነበር። ግጥሙ መካከል ላይ ስለ ብቸኝነትና ስለ ጨለማ ሲናገር ዜማው ይጠቁራል፤ ነፍስ ስትነቃ ግን የመነሻው ዜማ ይመለሳል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው አንድም ቃል ሳይገባው መመለሱን ይሰማል።

ምላሽ 2፦
ምክሩ መልካም ቢሆንም ቃሉን ከልክ በላይ ያከበረ መሰለኝ። ቻይኮቭስኪ በ1869 ካዜማቸው ስድስት ሮማንሶች የመጨረሻው ግጥም የጀርመናዊው ገጣሚ የጎተ ነው፤ ሩሲያውያኑም ራሳቸው የሚሰሙት በትርጉም ነው ማለት ነው። ራክማኒኖቭ ለሶፕራኖዋ ለኔዥዳኖቫ ያበረከተው «ቮካሊዝ» ደግሞ ጭራሽ ቃል የለውም፤ ድምፃዊቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አናባቢ ታዜመዋለች። እዚያ ላይ የሚሰማው ትንፋሿን የት እንደምትወስድና ረጅሙን ሐረግ ሳትበጥስ እንዴት እንደምታደርሰው ነው። ለዚህ መዝገበ ቃላት አያሻም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ባሱ የሙሶርግስኪን «የሞት ዘፈኖችና ጭፈራዎች» እንደሚያቀርብ ተረድቻለሁ። በየመካከሉ ማጨብጨብ ይገባል?

ምላሽ 1፦
አይገባም። አራቱ ዘፈኖች እንደ አንድ ሥራ የሚሰሙ ናቸው፤ ሞት በየተራ ሕፃን አስተኝ፣ የታመመች ወጣት አፍቃሪ፣ በበረዶ ውስጥ የጠፋ ሰካራም ገበሬ የጭፈራ ጓደኛ፣ በመጨረሻም የጦር አዝማች ሆኖ ይመጣል። ቃሉን አከበርክ ለተባልኩት ግን፣ ሙሶርግስኪ ዜማውን ከሰው አነጋገር ለመቅዳት የሚተጋ ሰው ስለነበር፣ እዚህ ላይ ቃሉን መተው አይቻልም። በነገራችን ላይ ሠዓሊው ሬፒን በ1881 ሙሶርግስኪ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሆስፒታል ሳለ የሣለው የሙሶርግስኪ ምስል በሞስኮ ትሬትያኮቭ የሥዕል አዳራሽ ይገኛል፤ ከምሽቱ በፊት ቢያንስ ቅጂውን ይመልከቱት። ከአራተኛው ዘፈን በኋላም ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን ከቁልፎቹ ላይ እስኪያነሣ ድረስ ይታገሡ።