ለአከርካሪ መጣመም በብረት ከታሰረ በኋላ የመጣ የታችኛው ወገብ ሕመም

ጥያቄ (መምህርት፣ ጅማ)፦
በ16 ዓመቴ ለስኮሊዮሲስ (ለአከርካሪ መጣመም) ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ አከርካሪዬ ከደረቴ አንስቶ እስከ አራተኛው የወገብ አጥንት በዘንግና በብሎን ታስሯል። አሁን 34 ዓመቴ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ባስተምርም፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከታሰረው በታች ያለው ወገቤ ጠዋት ጠዋት ይደርቃል፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስውል ደግሞ ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሬ ይወርዳል። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ዲስኮቹ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያሉት) እያረጁ መሆናቸውን ነገረኝ። ብረቱ መውጣት አለበት? ኤምአርአይስ (በማግኔት ኃይል የሚነሳው ምስል) መነሳት እችላለሁ?

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)፦
እህቴ፣ የታሰረው ክፍል ስለማይታጠፍ፣ ጎንበስ ቀና ሲሉ ጫናው የሚያርፈው ከበታቹ በቀሩት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፤ ስለዚህም ያለ ጊዜያቸው ሊያረጁ ይችላሉ። ይህ ቀዶ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም። አጥንቱ በሚገባ ከተጋጠመ ብረቱን ማውጣት ያረጀውን ዲስክ አያድነውም፤ ብሎኑ ከላላ፣ ዘንጉ ከተሰበረ ወይም ኢንፌክሽን ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት ተኝተው ሳይሆን ቆመው፣ ከአንገት እስከ ዳሌ ከፊትና ከጎን የሚነሱት ራጅ ያስፈልግዎታል፤ የወገብዎ ወደ ውስጥ የገባው ተፈጥሯዊ ቅርጽ ጠፍቶ ሰውነትዎ ወደ ፊት ማዘንበሉ የሚታየው በዚህ ነውና። ብዙ ሰው የሆድ፣ የጀርባና የመቀመጫ ጡንቻዎችን በማጠንከር ያለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ እንቅስቃሴውን ግን ፊልምዎን ያየ ባለሙያ ይምረጥልዎት።

መልስ (ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት)፦
ብረትሽ ቲታኒየም ከሆነ ኤምአርአይ መነሳት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ በብረቱ ዙሪያ ያለው ምስል ግን ይደበዝዛል፣ ስቴይንለስ ስቲል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የብረቱ ዓይነት የተጻፈበትን የቀዶ ሕክምና ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ። ከቤት ሥራ እኔን በጣም የጠቀመኝ፣ አገራችን ጅማ የምትታወቅበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለቡና ማፍላት መጠቀም ማቆሜ ነው፤ ውበቱን ብወደውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ወገብን ያጎብጣል። ከፍ ባለና መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀመጪ። ውኃም በአንድ ትልቅ ጀሪካን ሳይሆን በሁለት ትንንሽ ከፋፍለሽ በሁለት እጅሽ ያዢ።

መልስ (ነርስ)፦
ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ሽንት አልወጣ ካለዎት፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘዎት ወይም እግርዎ እየሰነፈ ከመጣ፣ ማስታገሻ ውጠው አይጠብቁ። ቀጠሮ ሳይሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።