በጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ወይስ በጤና ጣቢያው? ሶላር ከየት እንጀምር

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። በክፍለ ከተማችን አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤትና ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ አሉን። መብራት በሄደ ቁጥር ሦስቱም የየራሳቸውን ጄኔሬተር ያስነሣሉ፤ ነዳጅ ከጠፋ ግን ጄኔሬተር ቆርቆሮ ነው፤ ይህንንም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት በሚገባ አይተነዋል። አሁን ለሶላር የተያዘች አነስተኛ በጀት አለች። አንድ አቅራቢ ባትሪ የሌለውን፣ ከዋናው መስመር ጋር የሚጣመረውን ዓይነት በጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ ብናስተክል እንደሚረክስልን ነግሮናል። ልምድ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከኮምቦልቻ፦
የረከሰበትን ምክንያት አስቀድመው ይጠይቁት። ባትሪ የሌለውና ከዋናው መስመር ጋር የተጣመረ ሶላር፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይ ቢኖርም ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለተለመዱ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ራሱን ያጠፋል፣ ምክንያቱም መስመሩን ለመጠገን የወጡ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሆን ተብሎ እንደዚያ ተሠርቷል። የቆጣሪውን ሂሳብ ሊቀንስላችሁ ይችላል፤ እናንተ የፈለጋችሁት ግን መብራት በሌለበት ሰዓት መሥራትን ነው። ስለዚህ ከመስመሩም፣ ከፓነሉም፣ ከባትሪውም የሚሠራ ኢንቨርተር ያስፈልጋችኋል።

ስሌቱም ከጣሪያው ስፋት ሳይሆን ሊቋረጥ ከማይገባው ሥራ ይጀምር። ለምሳሌ የማዋለጃ ክፍሉ መብራት፣ ማይክሮስኮፑና ኮምፒውተሩ በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ እንበል። ጥሩ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ቢገኝና ከሚመነጨው ሩቡ በመንገድ ቢባክን 2.7 ኪሎዋት ያህል ፓነል ይበቃል። በክረምት ደመና ወደ 3.5 ሰዓት ቢወርድ ግን 3.8 ኪሎዋት ይጠይቃል። በበጋው ልክ ያሠራ ሰው ሐምሌ ላይ ይቆጨዋል። የሕክምና ዕቃ መቀቀያና ውሃ ማፍያ ከዚህ መስመር ይውጡ፤ ባትሪውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ባትሪን በተመለከተ፣ የተለመደው የሊድ አሲድ ከግማሽ በታች ቢወርድ ቶሎ ይሞታል፤ ሊቲየሙ ሲገዛ ቢወደድም ከያዘው ኃይል እስከ 80 በመቶ ድረስ ሊሠራበት ይችላል።

መልስ፣ የጤና ባለሙያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የክትባት ፍሪጁን ከኢንቨርተሩ ጋር አታያይዙት። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ስላለበት፣ አንድ ሰው ስልክና ማሞቂያ ሰክቶ ባትሪውን ካራገፈው ሌሊቱን ሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከፓነል በቀጥታ የሚሠራና ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ የሚያከማች ፍሪጅ አለ፤ ባትሪ ስለማይፈልግ ከዓመታት በኋላ የሚቀየርለት ነገር አነስተኛ ነው። በሠራሁበት ቦታ የባትሪ መቀየሪያ በጀት ባለመያዙ ጥሩ ፓነል ያለ ሥራ ጣሪያ ላይ ሲቀር አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ማን ተጠያቂ እንደሆነ እንኳ በጽሑፍ አልሰፈረም ነበር።

መልስ፣ የደሴ ነዋሪ፦
አብሽሩ፣ ፓምፑ ከሁሉም ይቀላል። ውሃን በሮቶ ማስቀመጥ ኤሌክትሪክን በባትሪ ከማስቀመጥ ስለሚረክስ፣ ፓምፑ ቀን በፀሐይ ብቻ ሞልቶት ሌሊት ሕዝቡ ከሮቶው ይቅዳ። በደሴ ግን ፓነሉ የሚተከልበትን ቦታ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቀድማ የምትገባበት ግቢ አለና። ዝናብ እንዲያጥበው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አጋድሉት፤ የዛገ ቆርቆሮ ላይም አትስቀሉት፣ ቆርቆሮው ሲቀየር ፓነሉ በሙሉ መውረዱ አይቀርም። ከላይ በተባለው ላይ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ ለክረምቱ ተብሎ ፓነል ከመብዛቱ በፊት፣ ያለውን ጄኔሬተር ለእነዚያ ጥቂት ደመናማ ቀናት ማቆየት ይሻላል።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ጽሕፈት ቤቱን ለጊዜው ትተን ከጤና ጣቢያው እንጀምራለን፤ የፓምፑንም ጉዳይ ለውሃ አገልግሎቱ በደብዳቤ እናቀርባለን። ለጨረታው ሰነድ የባትሪውን ዋስትናና የጥገናውን ውል በአንድ አቅራቢ ስም ማሰር ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።