የቀን ሠራተኞች ደመወዝና ደኅንነት፦ ለጎንደር ዕድሮች የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ (ረቂቅ)

ሰብሳቢ፦ ከበለሳ፣ ከወገራና ከደንቢያ መጥተው እዚህ አርማታ ስለሚሸከሙት ልጆች የምናቀርበው ሐሳብ ተቋራጮችን ብቻ የሚወቅስ አይሁን። አዘዞና ማራኪ ላይ ቤት የምናሠራው እኛው ነን፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከእኛ ኪስ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ይህን ይበል። ጨምሩበት።

የሕግ ባለሙያ አባል፦ ትልቁ ቀዳዳ ጊዜው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ ከእንግዲህ መክሰስ አይቻልም። ልጁ ሰኔ መግቢያ ላይ ለእርሻ ሲሄድ «ቀሪውን ስትመለስ» ይሉታል። አዝመራውን ሰብስቦ ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ይህን አውቀው የሚያዘገዩ አሉ፤ ግፍ ነው። መውጫው ግን እዚያው ሕጉ ውስጥ አለ፦ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፣ ቆጠራውም እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ የሠራበት ቀን፣ የቀን ሒሳቡና ቀሪው ብር ተጽፎ፣ አሠሪው የፈረመበትን ወረቀት ሳይዝ አይሂድ።

ግንበኛ አባል፦ ወንድሜ፣ ማን ይፈርምለታል? ባለቤቱ ለተቋራጭ፣ ተቋራጩ ለሰብ ኮንትራክተር (ለንዑስ ተቋራጭ)፣ እሱ ደግሞ ለካቦ (ለሠራተኞች አለቃ) ይሰጣል። ሠራተኛው የሚያውቀው የካቦውን ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱ የሚቀጥለውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ያለፈውን 15 ቀን የክፍያ ሊስት ይጠይቅ፤ ሙሉ ስም ከነወረዳው፣ መጻፍ ለማይችል የጣት አሻራ። ካቦው ራሱ ለ20 ሰው ሊፈርም ስለሚችል፣ በክፍያ ቀን ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ሳይቱ ላይ ቆሞ ስም እየጠራ ያክፍል። ከውሉ 5 በመቶ ደግሞ የመጨረሻው ሊስት እስኪዘጋ ይያዝ።

የሶሌታ ሙሊት ቀንንም፣ የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ የሚሞላበትን ቀን፣ አትርሱት። አርማታ መሃል ላይ ስለማይቆም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተሠርቶ አንድ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ከ8 ሰዓት ሥራ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የቀን ሒሳቡ 400 ብር ከሆነ የሰዓቱ 50 ነው፤ 4 ሰዓት ትርፍ 300 ብር ይጨምራል። ሙሊቱ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃልና ድንገት ሆነብን አይባልም።

መሐንዲስ አባል፦ አዘዞ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ይናዳል። ከ1.5 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቁፋሮ ያለ እንጨት ድጋፍ ሰው አይግባበት፤ የወጣው አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል፤ በየሳምንቱና ከዝናብ በኋላ ይፈተሽ። የዚህ ወጪ በውሉ ውስጥ ለብቻው ካልተጻፈ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ባለቤቶች ዋጋ ስናስቆርጥ እሱን አብረን እንቆርጣለን።

የሴቶች ክፍል ተጠሪ፦ አሸዋና ውሃ የሚያመላልሱ ሴቶች ለዚያው ሥራ ያነሰ ይከፈላቸዋል። «እኩል ሥራ፣ እኩል ሒሳብ» ይግባ።

የሒሳብ ሹም፦ ዕድሩ ፍርድ ቤት አይደለም። የሠራተኛ ገንዘብ የያዘ አባል ቢገኝ ምን እናደርጋለን?

የሕግ ባለሙያ አባል፦ መፍረድ አንችልም፣ መጠየቅ ግን እንችላለን። ሽማግሌ ይላክበት፤ ካልሆነ ሠራተኛውን የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት እናድርሰው። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም።

ሰብሳቢ፦ ሁሉም ገብቷል። አንድ ልጨምር፦ የሊስቱ ሁለተኛ ቅጂ የዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ። 5 በመቶው ላይ ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።