የአጭር አንጀት ልጆቻችን ምግብ፦ ፕሮፖዛሉ ላይ ሀሳብ ስጡ

ሰብሳቢዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አንጀታቸው ተቆርጦ ላጠረባቸው ልጆቻችን የምግብ ድጋፍ የምንጠይቅበት ፕሮፖዛል ድራፍቱ አርብ መግባት አለበት። እስካሁን የያዝነው ለሁሉም ልጅ በየወሩ ምጥን ዱቄት፣ ለዝግጅት ቀን ጁስ፣ አንድ የህፃናት ሚዛን ነው። እስቲ በሉ።

የአቶቴው አባት፦ ጁሱን አውጡት በናታችሁ! የኛ ልጅ ልደት ላይ አንድ ብርጭቆ ማንጎ ጁስ ጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ዳይፐር ስንቀይር አደርን፣ ስኳሩ አንጀት ውስጥ ውሃ እየሳበ ነው አሉን፣ ለስላሳም ያው ነው። በሱ ብር ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ይገዛ።

የታቦሯ እናት፦ ልክ ነው። ግን ፓኬቱ በ1 ሊትር ነው የሚበጠበጠው፣ እኔ ይጠንክርለት ብዬ በግማሽ ሊትር ሳደርገው ከረምኩ፣ ለካ እየጎዳሁት ነበር። ልክ የተጻፈበት ጆግም ይግባልን።

ሲስተር (አባል)፦ እኔ ደግሞ ዱቄቱ ላይ "ለሁሉም ልጅ" የሚለው አልተመቸኝም። አንዱ አንጀቱ ተጠማዞ ነው የተቆረጠለት፣ ሌላዋ ያለቀኗ ተወልዳ አንጀቷ ተመርዞ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ የወጣለት ልጅ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ መምጠጥ ስለማይችል ብዙ ጊዜ በመርፌ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ጉበት ያጠራቀመው እስኪያልቅ እጥረቱ ላይታይ ይችላል። ትልቁ አንጀት የቀረለት ደሞ ውሃ በመያዝ ይሻላል። ስለዚህ 1ኛ ጥያቄያችን ወረቀት ይሁን፦ ስንት ሴንቲ ቀረ፣ የቱ ክፍል ወጣ፣ ትንሹና ትልቁ የሚገናኙበት ቫልቭ አለ ወይስ የለም፣ ከሆስፒታል ስንወጣ ተጽፎ ይሰጠን።

የአቶቴው አባት፦ የኛ ላይ "አንጀት ተቆርጧል" ብቻ ነው የሚለው፣ ክትትል ሌላ ቦታ ስንሄድ ዶክተሩ እኔን ስንት ቀረ ይለኛል፣ እኔ ለካሁት እንዴ ሃሃ

የመናኸሪያዋ እናት፦ የቱቦ ልጆችንም (በቱቦ የሚመገቡትን) አትርሱ እባካችሁ፣ ሐኪም ከፈቀደ በአፍም ትንሽ ትንሽ ካልቀመሱ፣ በኋላ መብላት ይፈራሉ። የኔዋ ማንኪያ ስታይ ታለቅስ ነበር፣ አሁን የገንፎ ጫፍ መላስ ጀምራለች ተመስገን። የማጥባት ጉዳይም ይጻፍ፣ ሰው "ወተትሽ ነው ያስቀመጣት" እያለ ሊያስቆመኝ ነበር፣ ሐኪሟ ግን የጡት ወተት አንጀቷ እንዲለምድ ይረዳል አጥቢ ነው ያለኝ።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ፣ ጁስ ወጣ፣ ዱቄት ለታዘዘለት ብቻ፣ ኦአርኤስና ጆግ ገባ፣ ወረቀቱ 1ኛ። የማጥባቱንና የቱቦውን ሲስተር ጻፊልን። ፒያሳ የሚውል ሰው የሚዛን ዋጋ ይጠይቅልኝ?

የአቶቴው አባት፦ ነገ ከሥራ ስወጣ አያለሁ።