ያልተረጋገጠ ወሬን ስለማሰራጨት የሕግ ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ያሉት የቴሌግራም ቻናል አስተዳድራለሁ። ሰሞኑን «የሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ተበክሏል፤ ለልጆቻችሁ እንዳትሰጡ» የሚል የድምፅ መልእክት ደርሶኝ፣ እንድለጥፈው ብዙ ሰው እየወተወተኝ ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስልክ አያነሳም፤ የላከችልኝ እናት ግን የደፈረሰውን ውኃ በጆግ ቀድታ ፎቶውን አያይዛለች።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰትነቱ እየታወቀ ወይም ሊታወቅ ሲገባ የተሰራጨንና ሁከት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነን ሐሰተኛ ንግግር ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። በአንጻሩ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ምክንያታዊ ጥረት ያደረገን ሰው አይከለክልም፤ የተቸገርኩትም እዚህ ላይ ነው። ያልተመለሰ የስልክ ጥሪና አንድ ፎቶ እንደ ጥረት ይቆጠራሉ? «አልተረጋገጠም» ብዬ ብለጥፈውስ ይጠብቀኛል? ወሬው እውነት ቢሆን ዝምታዬ ሕፃናትን ይጎዳል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 መረጃ የመስጠትና የመቀበል ነፃነትን አረጋግጧል። በተለይ ፍርድ ቤት ቆማችሁ የምታውቁ፣ ምን ዓይነት ማስረጃ ይዤ ልቆይ? እባካችሁ ምከሩኝ።