ክርክር፦ አንድ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት ትሬለር) ብቻ ላለው ሰው የምግብ ደህንነት ስልጠናና መዝገብ ግድ ነው?

ለመነሻ፦ በ2016 የወጣው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) የምግብ ማጓጓዣ ንጽሕና ደንብ አማካይ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ዶላር በታች የሆነን ድርጅት አይመለከትም (መጠኑ በዋጋ ንረት ይስተካከላል)። ብሮከሮች (ጭነት አገናኝ ደላሎች) ግን ከሁሉም ሰው የስልጠና ወረቀት እየጠየቁ ነው። ልክ ናቸው?

ባለ ሪፈር፦ አይደሉም። የሙቀቱን ልክና የትሬለሩን ጽዳት በጽሑፍ ማሳወቅ የሺፐሩ (የጭነት ላኪው) ግዴታ ነው፤ በደንቡ ደግሞ ጭነት የሚያመቻች ብሮከርም እንደ ሺፐር ይቆጠራል። የራሳቸውን ሸክም እኛ ላይ እየጫኑ ነው።

ከሴፍቲ ክፍል፦ ጋሼ፣ ደንቡ ነፃ ቢያደርግዎትም የፈረሙት ውል ይይዝዎታል። ኦዲት ሲመጣ የሚታየው ብዙ አይደለም፤ ማን ሰለጠነ፣ መቼ፣ በምን። ብዙዎች የሚወድቁት ቀን የሌለው ሰርተፊኬት ይዘው ነው። የዋሽአውት (የትሬለር እጥበት) ደረሰኝም የትሬለሩ ቁጥር ከሌለበት ዋጋ የለውም።

ዲስፓቸሯ፦ ወረቀቱስ ይሁን፣ ስልጠናው ምን ያስተምራል? የኤፍዲኤ ነፃ የኦንላይን ኮርስ መነሻ ይሆናል እንጂ ቴርሞሜትር አያስይዝም። ሪፈር ቅዝቃዜን ይጠብቃል እንጂ ትኩስ ጭነት ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። 34 ዲግሪ ፋራናይት የተጻፈለት እንጆሪ 45 ላይ እያለ ከተጫነና ሾፌሩ ዝም ብሎ ከፈረመ፣ ክሌሙ (የካሣ ጥያቄው) የሚመጣው በእሱ ላይ ነው። ትሬለሩ አስቀድሞ ይቀዝቅዝ፤ በሩ ዶክ (የመጫኛ መድረክ) ላይ ሲከፈት ማሽኑ ይጥፋ፣ አለበለዚያ እርጥብ አየር ስቦ ኮይሉ (የማቀዝቀዣው ቱቦ) ላይ በረዶ ይሠራል። ለአትክልትና ፍራፍሬ ኮንቲኒየስ (ማሽኑ ሳያቋርጥ የሚሠራበት ሞድ) እንጂ ስታርት-ስቶፕ (እየጠፋ የሚነሳበት) አይሆንም። ጣሪያው ላይ ያለው፣ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ኋላ የሚያደርሰው የአየር ሸራ ከተቀደደ ደግሞ ፊት ያለው ይበርዳል፣ ኋላ ያለው ይሞቃል።

ባለ ሪፈር፦ እሺ፣ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰውስ? ሪሲቨሩ (ጭነት ተቀባዩ) የማሽኑ የሙቀት ዳታ ላይ አንድ ከፍታ አይቶ ጭነቱን ይመልሳል። ዲፍሮስት (ማሽኑ የራሱን በረዶ ሲያቀልጥ የሚታይ ሙቀት) መሆኑን ማን ይሰማል?

ከሴፍቲ ክፍል፦ ለዚህ ነው ሲጫን የምርቱ የውስጥ ሙቀት ተለክቶ ከሰዓቱ ጋር ቢኦኤል (የጭነት ሰነዱ) ላይ መጻፍ ያለበት። ማሽኑ የሚመዘግበው የአየሩን ነው። ቴርሞሜትሩንም ይፈትሹ፦ ኩባያ ሙሉ የተፈጨ በረዶ፣ ጥቂት ውኃ፣ ጫፉ ግድግዳውን ሳይነካ 32 ማንበብ አለበት። ኤፍዲኤም ቢሆን ጥቃቅን የሙቀት ልዩነት ብቻውን ምግቡን ተበላሽቷል አያሰኝም ብሏል፤ ጉዳቱ አጠራጣሪ ሲሆን የሚወስነው ብቃት ያለው ሰው ነው።

ባለ ሪፈር፦ ሪሲቨሩ በር ላይ ያ ሰው የለም፤ ፎርክሊፍት ነጂው ነው የሚወስነው። ስልጠናውን ልቀበል፣ ግን ሬት ኮንፈርሜሽኑ (ከብሮከሩ ጋር የሚፈረመው የዋጋና የጭነት ስምምነት) ላይ ዲግሪውንም ሞዱንም ያልጻፈ ብሮከር ወረቀት ሊጠይቀኝ አይገባም።

ዲስፓቸሯ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሬት ኮንፈርሜሽኑና ቢኦኤሉ ካልተስማሙ ከዶክ ሳይነሱ በጽሑፍ ያስተካክሉልዎ፤ በስልክ የተባለ አይቆጠርም።